እትዬ ዙፋን እስኪያምኑ

የሰው ልጅ በሦስት ይከፈላል፤ ሲነግሩት የሚያምን፣ ሲያሳዩት የሚያምን፣ አሳይተውት ሲያበቁ ደግሞ «እስቲ ገልብጠው» የሚል። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ነጋዴ ውሎ የሚገባው በእነሱ ነው። ሁለተኛዎቹም አይጠፉም። ሦስተኛዎቹን ግን ፈጣሪ ለአንድ ከተማ ከአንድ በላይ አይሰጥም፤ ሁለት ቢሆኑ ገበያ የሚባል ነገር ባልቆመ ነበር። ጎሬም የራሷ አላት ይባላል፣ በደሌም እንደዚሁ። ለመቱ የደረሱት እትዬ ዙፋን ናቸው።

ይህን ከአባስ በላይ የሚያውቅ የለም። አባስ መናኸሪያው አጠገብ የቤት ዕቃ ሱቅ አለው፤ አባቱ ቡና ተከትለው ከአጋሮ መጥተው የከፈቱት ነው። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ፔርሙስ፣ ጃንጥላ፣ የውሃ ጎማና ገመድ ይሸጣል፤ ባጭሩ ሊያፈስ ወይም ሊበጠስ የሚችል ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ አለ። እንዲህ ያለ ሱቅ ለእትዬ ዙፋን ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በሳምንት አንዴ፣ ሲያሰኛቸውም ሁለቴ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ ይላሉ። ብቅ ሲሉ አባስ በልቡ «ቢስሚላህ» ይላል።

አንድ ጀሪካን ሊገዙ ከመጡ አሥራ ሁለት ይወርድላቸዋል። አሥራ ሁለቱም ከጓሮው ቧንቧ እስከ አፋቸው ይሞላሉ፣ ይከደናሉ፣ ከዚያ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በአፍጢማቸው ይደፋሉ። እትዬ ዙፋን በርጩማ ስበው ወረቀቱን እያዩ ይቀመጣሉ። ወረቀቱ ላይ የሳንቲም ያህል እርጥበት ከታየ ጀሪካኑ ተባረረ። ሌላው ደንበኛ መቆሚያ አጥቶ ከደጅ ይመለሳል፤ አባስ ቀስ ብሎ አዲስ መሆናቸውን፣ ፋብሪካ እንዳሸጋቸው ይነግራቸዋል። እሳቸውም ከወረቀቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ ሁልጊዜ የሚሉትን ይላሉ። «የተከደነ ሁሉ የተዘጋ አይደለም፣ አባስ።»

ፔርሙስ ከሆነማ ነገሩ ቀኑን ሙሉ ነው። የፈላ ውሃ ከቤታቸው ይዘው በጠዋት ይመጣሉ፣ ሞልተው ይከድኑና «አደራ» ብለው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ማታ ሲመለሱ ከፍተው ጣታቸውን ይነክራሉ። ጣታቸውን ቶሎ ካወጡ ዕቃው አልፏል፤ ካቆዩት ወድቋል። አንድ ክረምት ደግሞ ጃንጥላ ሊገዙ መጥተው፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ደጅ እንዲቆም አባስን አዘዙትና አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ አወረዱበት። የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ ግራ ትከሻው ላይ አንዲት ጠብታ አገኙ። ሌላ ጃንጥላ ወረደ። ሌላ ባልዲም ተቀዳ።

ይህን የሚያደርጉት በአባስ ላይ ብቻ ቢሆን ቂም ነው ይባል ነበር። ክብርት ጠቅላይ ፈታሽ ግን አያዳሉም። ባጃጅ ሊሳፈሩ ሲሉ ሹፌሩ ባዶውን ሄዶ ሦስት ጊዜ ፍሬን እንዲይዝ ያደርጉታል። እንቁላል አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። የልጃቸው እጮኛ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣ ቀን የተወሳሰበ የፈትል ክር አቅፈው አምጥተው ሰጡትና «እስቲ ፍታልኝ» ብለው ጓዳ ገቡ። ልጁ አንድ ሰዓት ተኩል ፈታ፤ አልበጠሰም፣ አልተሳደበም። ዛሬ ከገዛ ልጃቸው ይልቅ እሱን ይወዳሉ፤ ልጅቷ ስትከሳቸው አይክዱም።

ፍተሻው ከየት እንደመጣ አባስ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቷል። እትዬ ዙፋን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከሰፋሪዎች ጋር ሲመጡ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የጭነት መኪናው ላይ ለቤተሰቡ አንድ የውሃ ዕቃ ተጭኖላቸው፣ የጫነው ሰውዬ «በደንብ ተከድኗል» ብሎ ማለላቸው። መንገድ ላይ ሲከፍቱት ባዶ ነበር። «ማንም አልሞተም» አሉት ለአባስ፣ «ብቻ ከዚያ ወዲህ ራሴ ሳልገለብጥ አይሆንልኝም።» ከዚያ ወሬውን ቀየሩ። አባስም ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ጀሪካኖቹን ሲሞላ አላጉረመረመም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ጠብቶ በኖፓ መንገድ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች መጥተው ጉድጓድ ቆፈሩ። ውሃ ሊያወጡ አይደለም፤ ሊያስገቡ ነው። ከፋብሪካ ጭስ ጋር የሚወጣውን፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈትም ቱፍ የሚለውን ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከውሃ ጋር አዋሕደው ከመሬት በታች ወዳለው ጥቁር ድንጋይ ሊገፉት ነው። እዚያ ሲከርም ጋዙ ራሱ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል ተባለ። ለሙከራ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ጥቂትም ቢሆን ጋዝ ጋዝ ነው።

የአካባቢው ገበሬ አልወደደውም። ከኮረብታው በታች ከብቶች የሚጠጡት ሆራ አለ፣ ጨዋማ ምንጭ፤ የአገሩ ከብት ጠጉሩ የሚያምረው በሱ ነው ይላሉ። በሌላ አገር ከሐይቅ ሥር የወጣ ጋዝ ሰዉንም ከብቱንም በተኛበት እንዳስቀረ አንዱ ከስልኩ አይቶ ለሁሉ አወራ። ኦቦ ሁንዴሳ፣ ንብ የሚያንቡና አሥር ከብት ያላቸው ሽማግሌ፣ ሕዝቡን ወክለው ጉድጓዱ እንዲደፈን ጠየቁ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ስምምነት ተደረገ፤ ጋዝ ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱ በግፊት ይፈተናል፤ ሦስት ታዛቢዎች ቆመው አይተው ካልፈረሙ አንዲት ትንፋሽ ጋዝ አትገባም።

አንዱ ታዛቢ ኦቦ ሁንዴሳ ሆኑ። ከመቱ ነጋዴዎች በኩል፣ የቧንቧና የጎማ ነገር ያውቃል ተብሎ አባስ ተመረጠ። ሦስተኛውን ሁለቱ ይስማሙበት ተባለ።

ስብሰባው ላይ አባስ እጁን አወጣና እትዬ ዙፋንን ጠራ። እውነቱን ለመናገር ያሰበው ስለ ጉድጓዱ አልነበረም። ፈተናው ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል ሲባል ሰምቷል፤ ሱቁ ለሁለት ሳምንት ያለ በርጩማና ያለ ሲሚንቶ ወረቀት ምን እንደሚመስል ሊያይ ጓጉቷል። እሱም ታዛቢ በመሆኑ አብሯቸው እንደሚውል ትዝ ያለው ማታ ቤቱ ሲገባ ነው፤ ሚስቱ ሱልጣና እስክታነባ ሳቀችበት።

ኦቦ ሁንዴሳ ግን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እትዬ ዙፋን በየገበያው ቀን የሽማግሌውን የማር ዕቃ ሁሉ አስከፍተው፣ ከየአንዳንዱ በእንጨት ጨልፈው፣ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገው፣ በመጨረሻ አንድ ኪሎ ይዘው ሲሄዱ ስንት ዓመት አይተዋል። ይህች ሴት «ደህና ነው» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ገበሬም ይህንኑ አሰበ። ምርጫው እንዲህ ባለ ፍጥነት ያለፈበት ስብሰባ በኖፓ ታይቶ አይታወቅም። እትዬ ዙፋን መልዕክቱ ሲደርሳቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ማንም እንዳያቻኩላቸው።

በመጀመሪያው ቀን ፈተናውን የምትመራው ኢንጂነር ሰናይት ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነ፣ ፈገግታ የማይርቃት ወጣት። ነገሩን ቀለል አድርጋ አስረዳቻቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከታች በመድፈኛ ተዘግቷል። ክፍተቱ በውሃ ይሞላል፣ ውሃው በፓምፕ ይገፋል፣ ከዚያ ቫልቩ ይዘጋና የግፊት መለኪያው መርፌ ይታያል። ቧንቧው ወይም መድፈኛው ቀዳዳ ካለው ውሃው ያመልጣል፣ መርፌው ይወርዳል። ስልሳ ላይ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሃምሳ ሰባት በታች ካልወረደ ጉድጓዱ አልፏል።

እትዬ ዙፋን አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰሙ። «እሱ ራሱ መለኪያው» አሉ፣ «ማን ፈተሸው?»

ሰናይት የምስክር ወረቀቱን አወጣች። እትዬ ዙፋን ወረቀቱን አመስግነው መለሱላትና ሌላ መለኪያ ካለ ጎን ለጎን እንዲታሰር ጠየቁ። ኦቦ ሁንዴሳ አባስን በክርናቸው ጎሸም አድርገው ሣቁ። ሌላ መለኪያ ከመኪና ወጣ፤ ታሰረ። ሁለቱም ስልሳ አሉ። ቫልቩ ተዘጋ።

በግማሽ ሰዓት መርፌዎቹ ሃምሳ ስምንት ላይ ነበሩ። ሰዓቱ ሲሞላ ሃምሳ ስድስት።

ኮረብታው ላይ የቆመው ገበሬ ነገሩን ሳይነግሩት ከሰናይት ፊት አነበበው። እልልታ ሁሉ ተሰማ። ኦቦ ሁንዴሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉና «አለቀ» አሉ፤ «አፈሰሰ። እንሂድ።» አባስም አልተከፋም፤ ሱቁን ለሱልጣና ትቶ መምጣቱ ከብዶት ነበርና ልቡ ወደ መቱ ሄዷል።

እትዬ ዙፋን ግን ከመለኪያው ሥር አልተነሱም። «ምኑ ነው ያለቀው?» አሉ።

ኦቦ ሁንዴሳ መርፌውን አሳዩዋቸው።

«መውረዱንማ አየሁ። ለምን እንደወረደ ግን ያየ ሰው የለም። ጉድጓዱ ነው ወይስ ከላይ ያለው ይሄ ሁሉ ብረት?»

ሰናይት ከላይ ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ጠዋት ራሷ እንዳየችው ነገረቻቸው። እትዬ ዙፋን አልተከራከሩም። አባስን ጠርተው ወረቀት እንዲፈልግ ላኩት፤ ከግንበኞቹ ጊዜያዊ ቤት የሲሚንቶ ከረጢት አመጣላቸው። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፤ ወረቀቱን እየቀደዱ እያንዳንዱን እንደ ቁስል ጠቀለሉትና ግፊቱ እንደገና እንዲሰጥ አስደረጉ። አሥራ አንድ መጋጠሚያ ነበር። ሽማግሌው፣ ኢንጂነሯና ሁለት መካኒኮች ቆመው፣ እሳቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ወረቀቱ ሁሉ ታየ። ዘጠነኛው፣ ከቫልቩ ሥር ያለው፣ ርሷል። ውሃው በብረቱ ጀርባ ተንሸራትቶ ጭቃው ውስጥ ይገባ ስለነበር ዓይን አላየውም።

ሰናይት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ጠዋት ያየችው በዓይኗ ብቻ ነበር። እትዬ ዙፋን ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሱና በለሆሳስ «የኔ ልጅ፣ የተከደነ ሁሉ የተዘጋ አይደለም» አሏት። አባስ በዚያች ደቂቃ ሳያስበው ኩራት ተሰማው፤ ወዲያው ራሱን ታዘበ።

ኦቦ ሁንዴሳ ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለስንብት ባርኔጣቸውን አላነሱም። የመረጡት ታዛቢ የጠላትን ቀዳዳ ሲደፍን አይተዋል።

መጋጠሚያው ተቀየረ። በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንደገና ስልሳ ላይ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ሰናይት ወረቀቷን ልታወጣ ስትል እትዬ ዙፋን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲቆይ ጠየቁ። ደንቡ አንድ ሰዓት እንደሚል ተነገራቸው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ከዚህ ሆራ ከብት እንደማያጠጡ መለሱ። በዚህ ኦቦ ሁንዴሳ ትንሽ ተጽናኑ።

ወደ አምስት ሰዓት ፀሐይዋ ከረረች። መርፌው ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ። ስልሳ አንድ፣ ከዚያ ስልሳ ሁለት። ገበሬው አጉረመረመ። ኦቦ ሁንዴሳ ከታች የሚገፋ ነገር እንዳለ፣ መሬቱ ራሱ እንደተቆጣ ተናገሩ። ሰናይት ደግሞ የፀሐይ ሙቀት ከላይ ያለውን ብረትና ውሃ ስላሞቀው እንደሆነ አስረዳች፤ ሙቀት ውሃን ያሳብጠዋል። ሁለቱም ወደ እትዬ ዙፋን ዞሩ።

«ልጅቷ ፀሐይ ነው አለች» አሉ እትዬ ዙፋን። «ፀሐይ ከሆነ ፀሐይ ስትሄድ ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ኦቦ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። መቀመጥ ነው።»

ተቀመጡ። የኢሉባቦር ሰማይ በጥቅምትም ቢሆን ቃሉን አይረሳም፤ ወደ ስምንት ሰዓት ከሶር ወንዝ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ ዝናቡን አወረደው። ሰው ሁሉ ወደ ግንበኞቹ ቤት ሲሮጥ እትዬ ዙፋን ከመለኪያው ፊት አልተነሱም። አባስም ትንሽ አመነታና ጃንጥላውን ይዞ ሄዶ ከላያቸው ቆመ። ዝናቡ ብረቱን ሲደበድበው ቆየ። መርፌው ስልሳ አንድ አለ። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ስልሳ ላይ ተመልሶ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆንም ከዚያ አልተነቃነቀም። ሁለተኛው መለኪያም እንደዚሁ።

እትዬ ዙፋን ተነሥተው ወደ ቤቱ ገቡ። ውሃ ከነጠላቸው እየተንጠባጠበ «ይዟል» አሉ።

አባስ የሰማውን ለማመን ጊዜ ፈጀበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ አንዲት ዕቃ እንኳ እንዲህ ሲሉ አልሰማም፤ የተስማማቸውን ዕቃ ዝም ብለው ያነሣሉ እንጂ አያመሰግኑም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ገበሬ ግን ፊቱን አጠቆረ።

ኦቦ ሁንዴሳ ቀስ ብለው ተነሡ። «አዴ ዙፋን» አሉ፣ «እኛ የመረጥንዎት እምቢ እንዲሉልን ነበር።»

«ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።»

«ከብቶቼስ?»

«ለከብቶችዎ ብዬ ነው ስድስት ሰዓት የተቀመጥኩት። ቢያፈስ አፈሰሰ እል ነበር። ይዟል። ሌላ ምን ልበል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ፤ ዝናቡ ስላላባራ እዚያው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከእትዬ ዙፋን አጠገብ ራቅ ራቅ አሉ። አባስ ሴትዮዋን አያቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ደጋግሞ ይጨምቃል፤ ውሃው ካለቀም በኋላ።

የፊርማው ወረቀት መጣ። የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የተጻፈ ነው። እትዬ ዙፋን አፋን ኦሮሞውን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ገበያ ላይ የተከራከሩትን ያህል በየትኛውም ቋንቋ አልተከራከሩም። ቁቤውን ግን ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ያመጣው የቢሮ ሰው ላንብብልዎት አለ። ከገበሬዎቹ መካከልም ማንበብ የሚችል ነበር። እትዬ ዙፋን ወረቀቱን ተቀበሉና ግራ ቀኝ ሳያዩ ለአባስ ዘረጉለት።

«አንተ አንብበው።»

አባስ ማንበብ ጀመረ። ቀኑን፣ የጉድጓዱን ቁጥር፣ የመርፌውን ንባብ። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከምላሱ ቀደመና ቆመ። በዚህ ፈተና መሠረት ጉድጓዱ «በረ በራን»፣ ማለትም ለዘላለም፣ በሰውም በከብትም ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ታዛቢዎቹ አረጋግጠዋል ይላል። ከሌላ ቅጽ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ይመስላል። ሰናይት ቋንቋውን ስለማታውቅ ምን እንደተጻፈ አታውቅም። የቢሮው ሰው ሰዓቱን ያያል። መኪናው ደጅ ሞተሩ ተነሥቷል። ሁሉም ርሰዋል፣ ተርበዋል፤ ሱልጣና ሁለት ጊዜ ደውላለች። አንዲት መስመር ነች። ቢዘላት ማንም አያውቅም፣ ምናልባትም ምንም አይጎዳም፤ ካነበባት ደግሞ ቀኑ ገና ሊጀምር ነው። ሰይጣን ሹክ አላለውም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ሹክ ብሎታል፣ አባስም ለአንድ ትንፋሽ ያህል አድምጦታል።

ከዚያ አነበባት። ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ።

እትዬ ዙፋን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዘላለምን» አሉ በአፋን ኦሮሞ፣ «መቼ ፈተሽነው?»

በሩ ላይ የቆሙት ኦቦ ሁንዴሳ ዞሩ።

የቢሮው ሰው የተለመደ አጻጻፍ መሆኑን፣ ቃሉን ብዙም ማክበድ እንደማያስፈልግ አስረዳ። እትዬ ዙፋን የተለመደ ነገር ሁሉ የተፈተሸ እንዳልሆነ ነገሩት። ያዩት ስድስት ሰዓት ነው፤ የሚፈርሙት ለስድስት ሰዓት ነው። የሚቀጥለውን ደግሞ የሚቀጥለው ቀን መጥቶ ይጠየቅ። ሰናይት የሚባለው ሲተረጎምላት ለመከራከር አልሞከረችም። እንዲያውም ጉድጓድ በየጊዜው መፈተን እንዳለበት፣ እሷም ይኸው እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ተናገረች። ወረቀቱ ላይ «በረ በራን» ተሰረዘ። በቦታው አባስ በእጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ጉድጓዱ ዛሬ ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግፊቱን ይዟል፤ በየስድስት ወሩ ነዋሪዎች ባሉበት እንደገና ይፈተናል፤ ያልያዘ ቀን ይዘጋል።

ኦቦ ሁንዴሳ ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው አዲሱን ጽሑፍ ራሳቸው አንብበው ጨረሱ። «ዱጋዳ» አሉ በመጨረሻ፤ እውነት ነው እንደ ማለት። እስክሪብቶውን አንሥተው መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ እትዬ ዙፋን ፈረሙ፤ ሲፈርሙ የወረቀቱን ግራና ቀኝ አላዩም፣ አላስደገሙም፣ አባስ የጻፈው የተባለውን መሆኑን ማንንም አልጠየቁም። አባስ ግን ፈርቶ በራሱ ፈቃድ ሙሉውን ከመጀመሪያው እንደገና አነበበላቸው። እንደ ጥሩ ተማሪ ተቀምጠው ሰሙት።

ሲወጡ ኦቦ ሁንዴሳ የእትዬ ዙፋንን ክንድ ይዘው ጭቃውን አሻገሯቸው። ምን እንደተባባሉ አባስ አልሰማም፤ የሁለቱን ሣቅ ብቻ ሰማ።

መኪናው ወደ መቱ ሲያቀና መሽቷል ለማለት ገና ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሁሉ ያበራል። ሰናይት ከፊት ከሹፌሩ ጋር፣ ሁለቱ ታዛቢዎች ከኋላ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ዙፋን» አለ አባስ፣ «ያቺን መስመር ብዘላትስ ኖሮ?»

እትዬ ዙፋን መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ መሆኑ እንኳ አልገባቸውም መሰለ።

«አትዘላትም» አሉት።

ከዚያ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ እንደተጓዙ መንገዱ መኪናውን ሲያናውጠው ጭንቅላታቸው ተንሸራትቶ የአባስ ትከሻ ላይ አረፈ፤ ነጠላቸው እርጥብ ነበር፣ እርጥበቱ ሸሚዙን አልፎ ገባ። አባስ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ስለዚህች ሴት ስንት ጊዜ «በቃኝ» እንዳለ በልቡ ቆጠረ። ከዚያ ትከሻው መደንዘዝ ጀመረ፣ ክንዱም ተከተለ። ሱልጣና ሦስተኛ ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ በዚያው በኩል ኪሱ ውስጥ ነበር። ጮሆ ጮሆ ዝም እስኪል ተወው፤ መቱ እስኪደርሱም አልተንቀሳቀሰም።